የተሰነጠቀ ጎን በቫርኒሽ አይድንም!

   

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የልብ ጉዳይ ናቸው። "ወድጃታለሁ ግን እንዴት ልንገራት?"፣ "ስልኬን አያነሳም፣ ምን ማለቱ ነው?" (ምን ማለቱ እንደሆነማ እናንተም ታውቁታላችሁ!) የዚህ ሳምንቱ ደብዳቤ ግን ስለ እንጨት ነው። አዎ፣ ስለ እንጨት! መጀመሪያ አድራሻ ተሳስቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ሻዬ ቀዝቅዟል።

ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ቀን ቀን አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ማታ ማታ ደግሞ ጊታር ይሠራል፤ ያውም በእጁ። ቃሉን ትንሽ ሰብሰብ አድርጌ ላቅርበው።

"ለአንድ ሰው ጊታር ልሠራለት ተስማምተን ግማሹን ቀብድ ተቀብያለሁ። ፊቱና ጀርባው አልቋል። የቀኙንም ጎን በደንብ አጉብጫለሁ። የግራውን ሳጎብጥ ግን ወገቡ ላይ ጠቅ አለብኝ። ስንጥቁ የጥፍር ያህል ነው። ሱፐር ግሉ አጠጥቼ፣ የዚያኑ እንጨት ዱቄት ነስንሼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ጠፋ። ቫርኒሽ ከተቀባማ እኔም አላገኘውም። የማስረክበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዝም ብዬ ልስጠው ወይስ ልንገረው? ብነግረው ቀብዴን መልስ ሊለኝ ይችላል። ቀብዱን ደግሞ በልቼዋለሁ።"

"ቀብዱን በልቼዋለሁ" የምትለዋ መጨረሻ ሳቄን አምጥታው ነበር። ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። ምክንያቱም ወንድሜ፣ አንተ አሁን ልታደርገው ያሰብከውን ነገር እኔ ከዛሬ ሰባት ዓመት በላይ በፊት አድርጌዋለሁ። ሱፐር ግሉውንም፣ ዱቄቱንም፣ ዝምታውንም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ምክር ብቻ አይደለም። ኑዛዜም ነው።

ለመሆኑ ጎን ምንድነው?

ጊታር ሠርተው የማያውቁ አንባቢዎቼ እንዳይደናገሩ ትንሽ ላስረዳ። ቤታችሁ ጊታር ካለ (ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣውም ቢሆን ችግር የለም) አውርዱና ተመልከቱት። ቀዳዳ ያለበት ፊት አለው። ጀርባ አለው። አንገት አለው። ፊቱንና ጀርባውን ዙሪያውን ይዞ የሚያያይዘው ቀጭን እንጨት ደግሞ ጎን ይባላል። ትከሻው ጋ ይወጣል፣ ወገቡ ጋ ይገባል፣ ዳሌው ጋ እንደገና ይወጣል። (ወንዶች ተረጋጉ፣ አሁንም ስለ ጊታር ነው የማወራው!)

ይሄ ጎን አንድ ወጥ አይደለም። ቀኝና ግራ፣ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ርዝመቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ ግን 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። እንጨቱ ሲሠራ ቀጥ ያለ ነው። የእኛ ማሲንቆ ሳጥኑ ቀጥ ካሉ እንጨቶች ይገጠምና ቆዳ ይወጠርበታል። ጊታር ግን ቀጥ ያለውን እንጨት አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ፣ እንደገና ወደ ውጭ ጎብጥ ይለዋል። ፋብሪካ ውስጥ ይሄንን በጋለ ቅርጽ ላይ በማሽን ይጫኑታል። በእጅ የሚሠራ ሰው ግን ያለው የጋለ ቱቦ፣ ውሃና ትዕግሥት ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ላጫውታችሁ። አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የሚባል ስፔናዊ ጊታር ሠሪ ነበር። በፈረንጆቹ ከ1817 እስከ 1892 የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ክላሲካል የምንለው ጊታር መልኩንም መጠኑንም በአብዛኛው ያገኘው ከእሱ እጅ ነው። ይሄ ሰው በ1862 አንድ ጊታር ሠራ። ፊቱ እንጨት፣ ጎኑና ጀርባው ግን... ካርቶን! ለማሳየት የፈለገው ድምፁን በዋናነት የሚወስነው ፊቱ መሆኑን ነው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና ከተማ፣ የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ታዲያ ጎን ለምኑ? አትሉም? እኔም ያኔ እንደዚያ ብዬ ነበር። መልሱ ቀላል ነው። የጎን ዋና ሥራ መዝፈን ሳይሆን መሸከም ነው። የናይለን ክር የተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች በድምሩ ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ። የብረት ክር ሲሆን ደግሞ ወደ 70 ይደርሳል። ቀን ከሌሊት ነው የሚስቡት፤ ጊታሩ ተሰቅሎ ሳለም አያርፉም። ያ ሁሉ ጉተታ ሳጥኑን ሊያጣጥፈው ሲፈልግ ፊትና ጀርባን ይዞ ቀጥ የሚለው ጎን ነው። ማንም አያጨበጭብለትም። እኛስ "ክፉ ቀን ሲመጣ ከጎኔ ማን አለ?" የምንለው ወደን ነው?

የአልጋ ጎን፣ የጊታር ጎን

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። ጊዜው 2010 ዓ.ም፣ ክረምት ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ሰፈር ውስጥ "ምን እየሠራህ ነው?" የሚለኝን ሰው ሁሉ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ የልብ ጓደኛ ነበረኝ። አብረን ነው የተማርነው፣ አብረን ነው የወደቅነው። አጎቱ ኮልፌ አካባቢ እንጨት ቤት ነበራቸው። እኔም ጋሼ ነበር የምላቸው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቡፌ ነው ሥራቸው። አንድ ጊዜ ግን የተሰበረ ጊታር ሲጠግኑ አይተን ሁለታችንም በዚያው ቀረን።

ጓደኛዬ እጅ ነበረው። እኔ አፍ ነበረኝ። (አሁንም ያለኝ እሱ ነው!) እሱ ይሠራል፣ እኔ ደንበኛ አመጣለሁ፣ በመሀል እረዳዋለሁ። ሁለት ጊታር ሠርተን ለጓደኞቻችን በርካሽ ሰጠን። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ደንበኛ መጣለት። አንዲት እናት ናቸው፤ ጉሊት የሚነግዱ። ልጃቸው ሙዚቃ ሊማር ገብቶ ጊታር አስፈልጎታል። ዕቁባቸው ሲወጣ 7 ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡን። ግማሽ አይደለም፤ ሙሉውን! "ልጆች አይደላችሁ? አትክዱኝም" አሉ።

እንጨቱን ያገኘነው ከአሮጌ የዋንዛ አልጋ ነው። ጋሼ ከአንድ ቤት በቅያሪ ያመጡት አልጋ ነበር፤ የአልጋው ጎን ረዥምና ቀጥ ያለ። "ይሄ ከእናንተ ዕድሜ በላይ ደርቋል፣ ከእንግዲህ አመል አያወጣም" አሉን። ዋንዛ ደግሞ እንዲህ የዋዛ እንጨት አይደለም። የውጭ ጊታር ሠሪዎች ለጎንና ለጀርባ የሚወዱት ዚሪኮቴ የሚባል የመካከለኛው አሜሪካ እንጨት አለ። የእኛ ዋንዛ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። እና የአልጋው ጎን ተሰንጥቆ የጊታር ጎን ሊሆን ሆነ።

ጓደኛዬ በመጋዝ አቀጠነው፣ በመላጊያ አስተካከለው። ከዚያ እየለካ፣ እየፋቀ፣ እየለካ... ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ ሰለቸኝ። እሱ ግን ጣቱን በእንጨቱ ላይ እያንሸራተተ "እዚህ ጋ ትንሽ ወፍራም ነች" ይላል። ሲለካው በእርግጥም ወፍራም ሆኖ ይገኛል። ይሄን ነው እጅ የምላችሁ!

ውሃ፣ እሳት፣ ዝምታ

የማጉበጡ ዕለት ጋሼ ራሳቸው አሳዩን። ወፍራም ጥቁር የብረት ቱቦ ሞርሳ ላይ አሰሩ። ከውስጥ በጋዝ አነደዱለት። እንጨቱን ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው አወጡት። ቱቦው ላይ በጣታቸው ጠብታ ውሃ ረጩ። ጠብታው ተኝቶ ሲንጨረጨር "ገና ነው" አሉ። ቆይተው ደግመው ረጩ። አሁን ጠብታው እንደ ዶቃ እየዘለለ ሲንከባለል "ይኸውላችሁ፣ ደረሰ" አሉ።

እንጨቱን ቱቦው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ያዙት። አልገፉትም። ወዲያ ወዲህ እያንሸራተቱ፣ እርጥብ ጨርቅ እያስነኩ፣ ዝም። እንፋሎቱ ሲወጣ የእንጨቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ትንሽ ቆይተው "አሁን ስማው" አሉና የጓደኛዬን እጅ በእጃቸው ላይ አደረጉ። እንጨቱ እንደ ቆዳ ልስልስ ብሎ ሲታዘዝ እኔም ከሩቁ አየሁት። ጉድ ነው!

ምስጢሩን በኋላ አነበብኩት። እንጨት በተፈጥሮው ጭረቶቹን አጣብቆ የያዘ ሊግኒን የሚባል ነገር አለው፤ እንደ ሙጫ በሉት። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ስለዚህ እንጨቱን የሚያጎብጠው ጉልበት አይደለም። የሞቀው ሙጫ ሲፈቅድ ነው የሚጎብጠው። ከመፍቀዱ በፊት ከገፋኸው ይሰበራል።

ሌላም አለ። እንጨት ሲሞቅ መጨመቅ ይችላል፣ መለጠጥ ግን እምብዛም አይችልም። ሲጎብጥ ከቱቦው በኩል ያለው ገጽ ይጨመቃል፣ በውጭ በኩል ያለው ይለጠጣል። ስንጥቅ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሚለጠጠው በኩል ነው። ለዚህ ነው ጋሼ ከጀርባው ቀጭን ቆርቆሮ አብረው የያዙት። ቆርቆሮው የውጩን ገጽ ደግፎ ይይዘዋል።

የመጀመሪያውን ጎን ጓደኛዬ ጨረሰ። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስገብተን ዙሪያውን አጥብቀን እንዲያድር ተውነው። ልክ እንደ ተሳለ ነበር!

ጠቅ!

በማግሥቱ ጓደኛዬ እህቱን ሆስፒታል ሊወስድ ሄደ። "ከሰዓት መጥቼ ሁለተኛውን አጎብጠዋለሁ" ብሎኛል። ጋሼ የሉም። እኔ ብቻዬን ነኝ። ከሰዓት ደግሞ ቀጠሮ ነበረኝ (ከማን ጋር እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ እሷም ይሄኔ ወልዳ ከብዳለች)። እና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እስኪመጣ ጨርሼ ባስገርመውስ?

ቱቦውን አነደድኩ። ውሃ ረጨሁ፤ ተንጨረጨረ። "ይበቃል" አልኩ። ቆርቆሮውን ፈልጌ አጣሁት፤ ተውኩት። ትከሻውን በመጠኑ አጎበጥኩ። ወገቡ ላይ ስደርስ አልታዘዝ አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። ገፋሁት።

ጠቅ!

ድምፁ ትንሽ ነው። የጣት ፍልቅልቅ ያህል አይሆንም። ገልብጬ ሳየው ወገቡ ላይ ከውጭ በኩል ጭረቶቹ ተነስተዋል። ስንጥቁ ከጥፍሬ ትንሽ ይረዝማል። ላብ አጠመቀኝ። ሌላ የተዘጋጀ እንጨት የለም። ሁለት ቀን የፈጀበትን ሥራ በሁለት ደቂቃ! እና ወንድሜ፣ አንተ ያደረግከውን አደረግኩ። ሱፐር ግሉ፣ ዱቄት፣ ብርጭቆ ወረቀት። የቀረውን እንደምንም ጨርሼ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አጠበቅኩትና ወደ ቀጠሮዬ ሄድኩ።

ማታ ጓደኛዬ አግኝቶኝ "አንተ! አንተም እጅ አለህ ለካ!" ብሎ አቀፈኝ። እኔም ሳቅሁ። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ታኅሣሥ ሲመጣ

ጊታሩ በነሐሴ መጨረሻ አለቀ። ጓደኛዬ ፊቱን ጀርባውን አጣበቀ፣ ቫርኒሽ ቀባ። እናትየው መጥተው ሲያዩት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ስንጥቁ የት እንደነበረ እኔ ራሴ ስፈልገው አላገኘሁትም።

እንጨት ግን ከዛፉ ተቆርጦም አየሩን ይከተላል። በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። በበጋ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከንፈር የሚሰነጥቅ ንፋስ ነው። ፊቱ ሲኮማተር ጎኑን ይስባል፣ ጀርባው ሲኮማተር ጎኑን ይስባል። ክሮቹ በበኩላቸው ይጎትታሉ። ጤነኛ ጎን ይሄን ሁሉ ችሎ ያልፋል። የእኔው ሱፐር ግሉ ግን ደረቅ ነገር ነው፤ ከእንጨቱ ጋር አይላወስም።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም እናትየው ጊታሩን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አልጮሁም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነጠላውን ገለጡት። ወገቡ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል፣ ጀርባውም ከዚያው ጋ ተላቅቋል። "ልጄ ፈተና ላይ እያለ ነው እንዲህ የሆነበት" አሉ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጓደኛዬ ጊታሩን አገላብጦ አየው። ከዚያ "ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ። ጀርባውን ሳጣብቅ በትክክል አላጠበቅኩትም" አላቸው። ከልቡ ነው! እውነት እሱ መስሎት ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ከጎኑ! አንድ ቃል አልወጣኝም።

ገንዘቡ አልቆ ነበር። ጓደኛዬ የራሱን ጊታር ሸጠ፣ ከእህቱ ተበደረ፣ 7 ሺህ ብሩን መለሰ። እኔ አንድ ሺህ ብር አዋጣሁና ደግ ሰው መሰልኩ። ከዚያ በኋላ እንጨት ቤቱ መምጣት አበዛ ሲባል ቀነሰ፣ ቀነሰና ቀረ። ባጃጅ መንዳት ጀመረ። "ምነው?" ስለው "ተወኝ ባክህ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ የለኝም" ይለኛል።

እጅ የለኝም! እሱ!

እጄን ነው የጠረጠርኩት

አራት ወር ቻልኩ። ሚያዝያ ላይ አንድ ማታ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኩት። ቀጠሮውን፣ ያልጋለውን ቱቦ፣ ጠቅ ያለውን፣ ዱቄቱን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝም አልጠላም ነበር። እሱ ግን ብዙ ዝም አለና "ገንዘቡ ምንም አይደለም። እኔ እኮ አራት ወር ሙሉ እጄን ነው የጠረጠርኩት" አለኝ። ከዚያ "ውረድ" አለ። ወረድኩ። ከዓመት በላይ አላናገረኝም።

እናትየውም ጋ ሄጃለሁ። ጉሊታቸው ድረስ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽንኩርታቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝና "ገንዘቤን ያ ልጅ መልሶልኛል። አንተ ደግሞ ምን ልትመልስልኝ መጣህ?" አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

አያችሁ፣ የተደበቀ ስንጥቅ የሚሰብረው ዕቃውን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዕቃ ይተካል። ችግሩ፣ ሲሰበር ጥፋቱን ፈልጎ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ንጹሑ ሰው ነው። ምክንያቱም ጥፋተኛው ያውቃልና ዝም ይላል። ንጹሑ ግን አያውቅምና ራሱን ይመረምራል። ይሄ በጊታር ብቻ አይመስለኝም። በትዳርም፣ በጓደኝነትም፣ በሥራም ያው ነው።

ለአንተ ለወንድሜ

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ዕድለኛ ነህ። ለምን? ጎኑ ገና ከሳጥኑ ጋር አልተጣበቀም፤ ሦስት ሳምንትም አለህ። እኔ ያንን ዕድል አግኝቼ ጥዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ያንን ጎን አውጣና አስቀምጥ። ስንጥቁ ጭረቱን አቋርጦ ወገብ ላይ ከሆነ ለሸክም አይሆንም። ጭረቱ በላይ በላዩ ብቻ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ወዲያው በእንጨት ኮላ ይጣበቃል፣ ይጠብቃል፣ ከውስጥ በኩልም ቀጭን ጨርቅ ወይም ቀጭን እንጨት በአግድም ይደረግለታል። ጥገና ነውር አይደለም። ነውሩ ድብቅነቱ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱን እንጨት ስትመርጥ ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይሁን። ጭረቱ በጠርዙ በኩል ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ የሚሰበረው እዚያው ነው። ከቀኙ ጎን ጋር እንዲመሳሰል ከዚያው ጣውላ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ውፍረቱን በካሊፐር ከዳር እስከ ዳር ለካ። 2 ሚሊ ሜትርም ይሁን 2.2፣ ዋናው ነገር እኩል መሆኑ ነው። ወፍራሙ ቦታ አልጎብጥ ይላል፣ አጠገቡ ያለው ቀጭኑ ደግሞ የእሱን ዕዳ ተሸክሞ ይሰበራል።

አራተኛ፣ ውሃ አታብዛ። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ሲያድር ውሃ ውስጥ የዋለ እንጨት ይጣመማል፣ ይጠቁራል። ሲደርቅብህ በእርጥብ ጨርቅ አስነካው።

አምስተኛ፣ ቱቦው ይጋል። ጠብታው እስኪዘል ጠብቅ። እንጨቱ መጥቆር ከጀመረ ግን በዝቷል ማለት ነው፣ ቀነስ አድርግ። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ አታንድድ፤ ጭሱ ጤና ይነሳል። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት።

ስድስተኛ፣ ከወገቡ ጀምር። ከጀርባው ቆርቆሮ አትርሳ። አትግፋ፤ ሙቀቱ ይሥራ፣ አንተ ተከተለው። እጅህ ሥር እሺ ሲል ታውቀዋለህ። እሺ ካላለህ ሰዓትህን አትይ። (ከቻልክ ሰዓትህን ፈትተህ ቤት ተወው!)

ሰባተኛ፣ ሲያልቅ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አጥብቀህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። እንጨት ሲለቁት ትንሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ከሚፈለገው በጥቂቱ አብልጠህ አጉብጠው።

ስምንተኛ፣ ዋናውን ከመንካትህ በፊት በቁርጥራጭ ተለማመድ። አንዱን ሆን ብለህ ስበር። ከመሰበሩ በፊት እጅህ ላይ ምን እንደሚሰማህ ማወቅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ቀብዱስ? አትለኝም! ደንበኛህ ጋ ዛሬውኑ ሂድ። ባዶ እጅህን አይደለም፤ የተሰነጠቀውን ጎን ይዘህ ሂድ። "ይኸው፣ ሳጎብጠው ተሰንጥቆብኛል። ደብቄ ልሰጥህ እችል ነበር። አዲስ እሠራለሁ፣ ሁለት ሳምንት ጨምርልኝ" በለው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቀብዱን አይጠይቅህም። ከጠየቀህ ደግሞ ተበደርና መልስ። ተበድሮ መመለስ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ዕዳው የአንተ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ሳያውቀው አይከፍልልህም።

ለመሰናበቻ

የእኔ ታሪክ እንደ ፊልም አላለቀም። ጓደኛዬ ወደ ጊታር ሥራ አልተመለሰም። ትዳር ይዟል፣ ባጃጇንም የራሱ አድርጓታል። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ጋ እየሄድኩ እንጨት እነካለሁ። ጋሼ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጠብታዋ ስትዘል ግን በጆሯቸው ያውቃሉ።

በ2017 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ አጎቱን ሊጠይቅ መጣ። እኔ ወገብ ላይ ደርሼ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በር ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ምንም ሳይል መጣና እንጨቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ቆርቆሮውን አስተካከለ። ወዲያ ወዲህ አንሸራተተው፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ... እንጨቱም እሺ አለው። ስንት ዓመት ሙሉ ባጃጅ የነዳ እጅ! ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስገብቶ ካጠበቀው በኋላ እጁን በሱሪው ጠረገና "ቱቦህ ገና ነበር" አለኝ። ቡናችንን ጠጥተን ሄደ።

ይቅርታ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። የዚያን ዕለት ግን እጁን ሲያይ አይቼዋለሁ።

ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ድረስ ሳትመጣ አሁኑኑ ተነስ። ምን እንዳለህም ጻፍልኝ። ሌሎቻችሁም ቫርኒሽ የቀባችሁት ነገር ካለ... ታኅሣሥ ሳይመጣ! ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።